ፋብሪካው የጠራው መኪና እኛ ጋ ሲነዳ፦ ጥያቄና መልስ

ከሰሜን ሸዋ ሾፌሮችና ባለመኪኖች ስለ መኪና የፋብሪካ ጉድለት የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው። አምራቹ ጉድለት አግኝቶ «መኪናውን አምጡልኝ፣ በነፃ ላስተካክል» ሲል ሪኮል ይባላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ያገለገለ ኮሮላ ገዝቻለሁ። ሪኮል ካለበት ማን ይነግረኛል?

ማንም። ደብዳቤው የሚላከው መኪናው በተሸጠበት አገር ለተመዘገበው ባለቤት ነው። መኪናው ባሕር ሲሻገር ደብዳቤው እዚያው ይቀራል፣ ጉድለቱ ግን አብሮ ይመጣል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብህ አንተው ነህ ወንድሜ። ሊብሬህ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር (የመኪናውን መለያ) መኪናው ላይ ከተመታው ጋር አመሳክር። መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሸጠ ከሆነ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታየዋለህ። ለዱባይ ገበያ የተሸጠውን ግን እዚያ አታገኘውም፤ የአምራቹን ወኪል ጠይቅ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ቁጥሩ አጭር ነው፣ መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው። እሱን በአምራቹ የጃፓን ድረ ገጽ ታጣራለህ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ስለ ኤርባግ የሚወራው እውነት ነው? ቪትዝ ነው የምነዳው።

እውነት ነው እህቴ፣ ቀላልም አይደለም። ታካታ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ለብዙ አምራቾች ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚይዝ ከረጢት፣ ያቀርብ ነበር። ከረጢቱን የሚነፋው ቅመም አሞኒየም ናይትሬት ነው። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል። ከዚያ ግጭት ሲመጣ ከመጠን በላይ ይፈነዳል፤ የብረት ቤቱ ይሰነጠቅና ስብርባሪው ፊትና አንገት ላይ ይተኮሳል። ሰው በራሱ እግር ወርዶ ሊጨቃጨቅ በሚችልበት ቀላል ግጭት ሾፌሮች ሞተዋል። በዓለም ዙሪያ የተጠራው ኤርባግ 100 ሚሊዮን ገደማ ነው። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ። በአሜሪካ ከተጠሩት መካከል ከ2003 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ኮሮላዎች አሉ፤ በጃፓን ቪትዝ የሚባለው ያሪስም አለበት። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ከሚያድረው ይልቅ ያሳስበኛል።

አንድ ነገር አሁኑኑ ሞክሪ። ቁልፉን አዙሪና ሞተሩን ሳታስነሺ ዳሽቦርዱን እዪ። የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ነካክቶት ሊሆን ይችላል፤ ኤርባጉ ላይኖርም ይችላል።

ከመሐል ሜዳ፦ ኤርባጉን ጋራዥ ውስጥ አስፈትቼ ልጣለው?

በፍጹም። ፈንጂ ነው።

ከደብረ ሲና፦ አዲስ የጭነት መኪና ገዝተን ጣርማበርን ስንወርድ የፍሬን ቱቦ ፈነዳ። ተመሳሳይ መኪና ያለው ጓደኛዬም ደርሶበታል። ሻጩ «አነዳድህ ነው» ይላል።

ሻጩ የሚለው ሊሆን ይችላል፤ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሳይይዝ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል። ግን የሚቃጠለው ሸራውና ከበሮው ነው። በአዲስ መኪና ላይ ቱቦው ሲፈነዳ፣ ያውም በሁለት መኪኖች፣ የፋብሪካ ጥያቄ ይነሣል። የፈነዳውን ቱቦ እንዳትጥለው! ጋራዡም እንዳይወስደው። ከሰሌዳውና ከኪሎ ሜትር ንባቡ ጋር ፎቶ አንሣው። ጓደኛህም እንዲሁ ያድርግ፤ ከዚያ ሁለታችሁ በአንድ ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ሰው ሲጮህ ቅሬታ ይባላል፤ ሁለት ሰው ማስረጃ ይዞ ሲመጣ ግን ወኪሉ ለአምራቹ ለማሳወቅ ይገደዳል ብዬ አምናለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለት እንዳየ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ክስም ካስታወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በስልክ ብቻ ነግረህ አትቀመጥ። ደብዳቤህ ቅጂ ላይ ፊርማና ቀን አስደርግ።

ከሸኖ፦ ውሉ ላይ «እንዳለ ገዝቻለሁ» ብዬ ፈርሜያለሁ። አበቃልኝ?

አላበቃም። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀህ ያ ቃል አያድነውም። ለራስህ የገዛኸው ከነጋዴ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስ መጠየቅ ትችላለህ። ቀኑ አጭር ነውና ቶሎ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂድ።

ከደብረ ብርሃን፦ ቦሎ አሳድሻለሁ። ይህ አይበቃም?

ለሱ ጉዳይ ይበቃል። ምርመራው ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ ያያል፤ የኤርባግ ቅመም ውስጥ ገብቶ አያይም። ሻንሲ ቁጥርህን አጣራ።