የልቦለድ ተርጓሚዋ በሐኪሙ ክፍል ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ በሚሰበሰበው የንባብ ክበባችን ቀን የሐኪሞችን አሠራር የምታጠና፣ ማታ የአፍሪካ ልቦለዶችን ወደ አማርኛ የምትመልስ አባል አለችን። አባላት የፈለጉትን ጠየቋት፤ እሷም እንዲህ መለሰች።

ጥያቄ፦ ዶክተር ስንልዎት የሕክምና ይመስለን ነበር። ሐኪም ቤት ምን ያመላልስዎታል?

መልስ፦ እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ ደም ግፊቴን ለኪኝ የሚሉኝ ጎረቤቶችም አሉኝ። ሙያዬ የማኅበረሰብ ጥናት ነው። ሐኪሞች ሲሠሩ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ማን ምን አለ፣ ማን አቋረጠ፣ ካርዱ ላይ ምን ተጻፈ፣ ምን ሳይጻፍ ቀረ የሚለውን እመዘግባለሁ። ትርጉሙን ለገንዘብ ጀመርኩት ብል ትስቁብኛላችሁ።

ጥያቄ፦ እኛ በቅኝ አልተገዛንም። የቅኝ ግዛት ቁስል የሞላበት ልቦለድ ለአማርኛ አንባቢ ምኑ ነው?

መልስ፦ ኩራቱን አልነካም። ግን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አስቧቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ወሰዷቸው። ሕንድ አደጉ፣ ላሆር ሕክምና ተማሩ፣ ቻርልስ ማርቲን ተብለው ኖሩ። ጣሊያን ሲወረን ደግሞ ለንደን ተቀምጠው ለኢትዮጵያ የሚሟገቱት መልእክተኛ እሳቸው ነበሩ። የዘመናዊ ሕክምናችን ታሪክ ገና ከመጀመሪያው በእንግሊዝ ግዛት በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከወረራው ዘመን አርበኞች ነው፤ የቆመበት ጎዳና ግን የቸርችል ነው። ዳኛቸው ወርቁና ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያምም በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ልቦለዶች የታተሙት ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ በታተመበት በዚያው የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ኅትመት ውስጥ ነው። እነሱ ራሳቸውን ከውጭ አልቆጠሩም።

ጥያቄ፦ የምትተረጉሚበት እንግሊዝኛ ራሱ ትርጉም ከሆነስ?

መልስ፦ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። ኬንያዊው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በካሚቲ እስር ቤት በመጸዳጃ ወረቀት ላይ የጻፈው ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1980 በኪኩዩ ቋንቋ ወጣ፤ በ1982 ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እንግሊዝኛው የደራሲው የራሱ ሥራ ስለሆነ ከዚያ መተርጎም አያሳፍርም፤ ሆኖም በውስጡ ያሉት ዘፈኖች እንዴት እንደሚዘፈኑ የሚያሰማችሁ ኪኩዩ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። የሱዳናዊውን የጣይብ ሳሊህን የአረብኛ ልቦለድ ግን አረብኛ አንባቢ በሞላበት ከተማ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ በኩል መዞር ስንፍና ነው። የእስር ቤት ወረቀት ከተነሣ፣ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን የአሜሪካ ልቦለድ በደርግ እስር ቤት የተረጎመው በሲጋራ ወረቀት ላይ ነበር። ኮምፒውተሬ ዘገምተኛ ነው ብሎ የሚያማርር ተርጓሚ ሲያጋጥመኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ጥያቄ፦ የአቼቤን ምሳሌያዊ አነጋገሮች በእኛ ተረትና ምሳሌ ብትተኪያቸው አይጥሙም?

መልስ፦ ይጥማሉ፤ የማልተካቸውም ለዚሁ ነው። የኢግቦ ሽማግሌ እንደ ጎጃም ሽማግሌ ካወራ አንባቢው ከቀዬው አልወጣም። እንዲያ መሥራት የፈለገ ሽፋኑ ላይ «ውርስ ትርጉም» ብሎ ይጻፍ፤ ነውር የለውም። የእኔ ሽማግሌዎች እንግዳ የሚቀበሉት በኮላ ፍሬ ነው፤ ቡና አላፈላላቸውም።

ጥያቄ፦ የግርጌ ማስታወሻስ?

መልስ፦ በተቻለ መጠን አይኑር።

ጥያቄ፦ ሐኪም እንደሚታይ ካወቀ ሥራውን ያሳምር የለም እንዴ?

መልስ፦ ያሳምራል። ተመራማሪዎቹ ኬኔት ሌናርድና መልኪዮሪ ማሳቱ ታንዛኒያ፣ አሩሻ ውስጥ ይህንኑ ለክተዋል፦ ተመልካች ሲገባ የሐኪሙ ሥራ ወዲያው ይሻሻላል፤ ታካሚዎች እየተከታተሉ ሲገቡ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ መፍትሔው እስክትረሳ ድረስ መቀመጥ ነው። ሌላው መንገድ ሠልጥኖ፣ ታካሚ መስሎ የሚገባ ሰው መላክ ነው። ሕንድ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ሐኪሞች ሲጠየቁ በትክክል የሚመልሱትን ታካሚ ፊት ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ እንደማያደርጉት አሳይተዋል። ችግሩ የዕውቀት ብቻ ቢሆን ሥልጠና ይፈታው ነበር።

ጊዜውንም እዩ። ቤክማንና ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ታካሚው ችግሩን መናገር ከጀመረ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ይቋረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የ67 አገሮች ንጽጽር ደግሞ አንድ ታካሚ ሐኪም ፊት የሚቆይበት አማካይ ጊዜ ባንግላዴሽ 48 ሴኮንድ፣ ስዊድን 22 ደቂቃ ተኩል መሆኑን አሳየ።

ጥያቄ፦ ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም፣ ሬዚደንት ነኝ። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ዲዩቲ አድሬ፣ የተኙ ታካሚዎችን የማየት ራውንድ ጨርሼ ተመላላሽ ክፍል እገባለሁ። ታካሚ አቋረጥክ ተብዬ ልመዘገብ ነው?

መልስ፦ ትመዘገባለህ፣ ወንድሜ። በሩም ይመዘገባል። አንዲት እናት ስለ ሆዳቸው መናገር እንደ ጀመሩ ነርስ ለፊርማ ገባች። እንደገና ሲጀምሩ አንድ ባልደረባ ዘመዱን ይዞ «ይቺን ብቻ እይልኝ» አለ። ሴትዮዋ የምርመራ ወረቀት የያዘ ፌስታላቸውን አቅፈው ዝም አሉ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላቸው፤ ተነሥተው የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ «ልጄ፣ ደምም ያስቀምጠኛል» አሉ። የመጡት ለዚያ ነበር። ሐኪሙ ካርዱን መልሶ ከፈተ፤ ውጭ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ። ይህን አይቼ «ሐኪሙ አያዳምጥም» ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። መመዝገቢያዬ ላይ በሩ የራሱ ዓምድ ያለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁለቱ ሥራዎችዎ የት ይገናኛሉ?

መልስ፦ ንግግር ላይ። የልቦለዱ እንግሊዝኛ፣ ቅኝ ገዢው ሐኪም አዛውንቱን በሽተኛ በአክብሮት ይጥራቸው አይጥራቸው አይነግረኝም፤ አማርኛ ደግሞ ሳልወስን አያሳልፈኝም። እዚህ ጠዋት «እርስዎ» የሚል ሐኪም ሰልፉ ሲረዝም «አንቺ» ሲል ሰምቻለሁ፤ ከንቀት ይልቅ ድካም ነው። ስለዚህ ልቦለዱ ውስጥ የድካሙን «አንተ» ከንቀቱ «አንተ» ለመለየት ከዙሪያው ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች እጠቀማለሁ። አስተርጓሚውም አለ። አማርኛ የማይችል ታካሚ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የጽዳት ሠራተኛ ወይም ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ነው። ያ ሰው የሐኪሙን ቁጣ አለስልሶ፣ የታካሚውን ረጅም ታሪክ አሳጥሮ ያቀብላል። በቅኝ ግዛት ልቦለዶች ውስጥ የገዢው አስተርጓሚ ሲገባ አሁን ዓይኔ ከእሱ ላይ አይነሣም።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ሳይጠይቁ መተርጎም ይቻላል?

መልስ፦ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የመተርጎም መብት የደራሲው ነው። መጀመሪያ ለባለመብቱ ጽፋችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ በምን ይጀምር?

መልስ፦ በአጭር ልቦለድ፤ ዝነኛ ባልሆነ። ረቂቁን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። የሕክምና ትዕይንት ካለበት ለነርስ አሳዩት፤ ሐኪሙ ጊዜ የለውም።