ሰው ሲራመድ ብቻ የሚንገጫገጭ ዲቪዲ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ገብቶኛል። በዲቪ ካሜራ (በትንሽ ካሴት ላይ በዲጂታል የሚቀርጽ) የተቀረጸ የቤተሰብ ቪዲዮ ኢንኮድ አድርገህ (ለዲቪዲ ወደሚሆን ፎርማት ቀይረህ) ዲቪዲ ላይ በርን አደረግከው (ጻፍከው)። ኮምፒውተር ላይ ሰላም ነው። ቴሌቪዥን ላይ ግን ሰው በተራመደ፣ ካሜራው በዞረ ቁጥር ይንገጫገጫል፤ የቆመ ነገር ሲሆን ደግሞ ጥርት ይላል። አንድ ጠጋኝ «ሌንሱ ደክሟል» ብሎ ማጫወቻውን ከፍቶ ሌንሱ ጋ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዞረልህ፤ ምንም ለውጥ የለም።

አይኖረውማ! ሌንስ ቢደክም ምስሉ ይቆማል፣ ይበጣጠሳል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። የሚንቀሳቀሰውን ብቻ መርጦ የሚያንገጫግጭ ሌንስ የለም። እኔ የምጠረጥረው የፊልድ ቅደም ተከተልን ነው።

ይቺን ልብ ብለህ አንብባት። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም (ሙሉ ምስል) አለው። እያንዳንዱ ፍሬም ግን ሁለት ግማሽ ምስል ነው፤ አንዱ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ፣ ሌላው 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ መስመሮቹን ይካፈላሉ። ፊልድ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አንድ ላይ የተነሱም አይደሉም፤ በመካከላቸው የሰከንድ 1/50ኛ ልዩነት አለ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ካሜራው ፊልዶቹን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ የቀረጸውን ቴሌቪዥኑ 2፣ 1፣ 4፣ 3 ብሎ ያሳይሃል። የሚወዛወዝ እጅ ወደፊት ይሄድና ትንሽ ይመለሳል፣ ዘሎ ያልፍና ደግሞ ይመለሳል፤ ይሄ በየሰከንዱ 25 ጊዜ ነው። ግድግዳ ግን በ1ም በ2ም ያው ግድግዳ ነው። ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ሁለቱን ፊልድ አጣምሮ ስለሚያሳይ ጥፋቱን ይደብቀዋል፤ ቢበዛ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ታያለህ።

ዲቪ ካሜራ የታችኛውን ፊልድ (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ መስመሮችን የያዘውን) ያስቀድማል። ኢንኮደርህ (ቪዲዮውን የሚቀይረው ፕሮግራም) የላይኛውን እንዲያስቀድም ተደርጎ ከሆነ ቀይረው። 720 በ576 የሆነውን መጠንም አትንካ፤ ቁመቱን ካሳነስክ ፊልዶቹ ይደባለቃሉ። ብዙ እንቅስቃሴ ያለበትን አንድ ደቂቃ ብቻ ኢንኮድ አድርገህ ደጋግሞ በሚጻፍበት ዲስክ ቴሌቪዥኑ ላይ ሞክረው።

ምስሉ ሁሌ እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቢትሬቱን (በየሰከንዱ የሚነበበውን የዳታ መጠን) እይ። ለቪዲዮ የዲቪዲ ጣሪያ በሰከንድ 9.8 ሜጋቢት ነው፤ በቤት የተጻፈ ዲስክ ላይ ከፍተኛውን ከ8 አታሳልፈው። ስም የሌላቸው ርካሽ ዲስኮችማ አንጀቴን ነው የሚያሳርሩት፤ ዛሬ ይሠራሉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አይነበቡም። የወረቀት ስቲከርም አትለጥፍ፣ ዲስኩ ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል።

ማጫወቻውን ደግመህ አትክፈት። ከከፈትክም መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ከተነቀለም በኋላ የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ እጅህን አታስገባ። ክዳኑ ተነስቶ እየሠራ ሌንሱን ማየትማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ማጫወቻው ሲዲ የሚያነብበት የሌዘር ጨረር ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ ሲጎዳህም አታውቀውም።

ጠጋኙ ያዞራት ያቺ ብሎን የሌዘሩን ኃይል የምትወስን ናት፤ ከመጠን በላይ ከተከፈተች ሌዘሩ ቶሎ ይቃጠላል። ድሮ የነበረችበት ቦታ ምልክት ካልተደረገበት በግምት አትመልሳት። በፋብሪካ የታተሙ ዲቪዲዎችን ያለችግር ካነበበ ተዋት፤ ካላነበበ መለኪያ ላለው ባለሙያ ስጠው፣ ሶኬቱን ነቅለህ።