ውስጥ እግሬን ይበላኛል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሁለት ሦስት ወር ከከተማ ካልወጣሁ ውስጥ እግሬን ይበላኛል፤ ሥራም እጄ ላይ አልበረክት ይላል። እንደምንም ብር አጠራቅሜ እሄዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ቤቴ ይናፍቀኛል። እናቴ «የአባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እያለች ትተርትብኛለች። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ ምንም አልሆኑም። ሰውን ለመንገድ የሚያስነሳው ነገር ሁለት ወገን አለው፤ ከቤት የሚገፋና ከሩቅ የሚስብ። ጆን ክሮምፕተን የተባለ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከገፊዎቹ መካከል የዕለት ኑሮ መሰልቸትን፣ ዕረፍትን፣ ራስን መመርመርን፣ ክብር ፍለጋንና ከቤተሰብ ጋር መቀራረብን ቆጥሯል። ሰው ሲጠየቅ የሚናገረው ሳቢውን ነው፤ «ጣናን ለማየት» ይላል። ያስነሳው ግን ብዙ ጊዜ ገፊው ነው። የእርስዎን ደብዳቤ መልሰው ያንብቡት፤ ከየት እንደሚወጡ ጽፈዋል፣ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አንድም ቦታ አልጠቀሱም።

አንጎል ደስ የሚለውን ነገር ገና ሲጠብቀው ይነቃቃል። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከሥራዎቹ አንዱ ከዚህ ከመጠበቁ ጋር የተያያዘ ነው። ለዚህ ነው ትኬት የተቆረጠበት ማታ ከደረሱበት ማታ ይልቅ የሚጣፍጠው። («የመንገደኛ ዘረ መል» ተገኘ የሚባለውን አይመኑት፤ አንድ ዘረ መል ብቻውን ሰውን መንገደኛ አያደርግም።) የሦስተኛው ቀን ናፍቆት ደግሞ ከፊሉ የእንቅልፍ ዕዳ ሊሆን ይችላል። በአዲስ ቦታ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አይጠልቅም፤ የአንጎል አንዱ ጎን እንደ ዘበኛ ግማሽ ነቅቶ ያድራል። በማግስቱ እንደገና ሚኒባስ ከተሳፈሩና ሌላ አልጋ ከቀየሩ፣ በሦስተኛው ቀን የሚያለቅሰው ሰውነትዎ ነው።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ «ፎቶ ባላነሳ፣ ለማንም ባላወራ፣ እሄድ ነበር?» መልሱ «አልሄድም» ከሆነ ብሩን ያስቀምጡ። ድካም ከሆነ የገፋዎት፣ ከአራት ሰዓት የማይበልጥ መንገድ ይምረጡና አንድ አልጋ ላይ ሦስት ሌሊት ይደሩ፤ የራስዎን ጋቢ ይያዙ፣ የለመዱት ሽታ ለእንቅልፍ ሊያግዝ ይችላል። ከአለቃ ጋር የተጣሉ ከሆነ መንገድ አይፈውስም፤ ጠቡ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይጠብቅዎታል። አዲስ ነገር ከሆነ ያማረዎት፣ የጮቄ ተራራ ከደጅዎ ነው፤ በሮብ ገበያ በኩል ወጥተው ጅባራና ጓሳ በሚባሉት የደጋ ዕፀዋት መሀል ይቆማሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ያልፋል። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል የወጣ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ውሃ ይጠጡ፣ ቀስ ብለው ይውጡ፣ ካልተሻለዎት ወዲያው ይውረዱ፤ ላይ አይደሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ለጥር 13 ግሽ አባይ በእግር ካልሄድኩ ይላሉ። መኪና እንከራይልዎ ብንላቸው ተቆጡ። ለምን?

መልስ፦ ለእሳቸው መንገዱ ራሱ የስለቱ አካል ነው። ጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ቡሩክ በዓል ነው፤ ጻድቁ ሊታሰሩ ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው፣ ሲመለሱ ውሃው ሳያርስ እንደመለሰላቸው ይነገራል። አደራ ሊቀበል የሚሄድ ሰው በሰው ትከሻ አይሄድም። ጎጃም ይህን በቅኔ ተማሪውም ያውቀዋል። ለቅኔ ከሩቅ አገር ወደ ዋሸራና ጎንጅ ይመጣል፤ የጎጃሙ ልጅ ደግሞ ለድጓ (ለቤተ ክርስቲያን ዜማ) በጎንደር ወዳለው ቤተ ልሔም ይሻገራል። ቤቱ አጠገብ ከተማረ ለእርሻና ለከብት ይጠሩታላ! አኩፋዳና ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ መራቁ ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

አይከልክሏቸው፤ መንገዱን ግን ያሳጥሩላቸው። የሩቁን በመኪና፣ የመጨረሻውን ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር ይሂዱ። አዲስ ጫማ አይግዙላቸው፣ ተረከዝ ይልጣል። ግሽ አባይ ባለበት በሰከላ የጥር ሌሊት ብርድ ነው፤ አንድ ጋቢ አይበቃም። ጠበሉን በባዶ ሆድ መጠጣት ልማድ ነውና፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሳይበሉ መድኃኒቱን መዋጥ ስኳራቸውን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊጥለው ይችላል። በራሳቸው እንዳያቋርጡም አስቀድማችሁ ሐኪማቸውን አማክሩ፤ አንድ ልጅ አብሯቸው ከረሜላ ይዞ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ጢስ አባይን በየካቲት አየሁት። በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ላይ ያለው ፏፏቴ የት ሄደ?

መልስ፦ ብሩ ላይ ያለው የክረምት ፏፏቴ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሃው ትልቅ ክፍል ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ሁለተኛው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ መግባት ጀመረ፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከጣና በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ የሚሄድ ውሃ አለ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይምጡ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ወቅት በድንጋዩ ድልድይ በኩል የሚያስወጣው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያንሸራትታል፤ ከአካባቢው ልጆች ዱላ ይከራዩ።