ልቤ ታሟል፤ ልጹም? ልስገድ? መድኃኒቱንስ ልተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? 58 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጎንደር ነው። ከሁለት ወር በፊት ሃርት አታክ የሚሉት ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ወጣሁ። አምስት ዓይነት ክኒን ታዞልኛል። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይለኛል፤ እኔ ግን የኃጢአቴ ዋጋ ይመስለኛል። ጸበል ከጀመርኩ ወዲህ ሕመሙ ስለተወኝ መድኃኒቱን ላቆም አስቤአለሁ። ቤተሰቤ ከወንበር አያስነሳኝም። ጾሙም ስግደቱም ቀረብኝ ብዬ አዝናለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያብዛልዎ። መድኃኒቱን አያቁሙ። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ደም እንዳይረጋ የሚጠብቁ ናቸው፤ ክሎፒዶግሬል ብዙ ጊዜ እስከ 12 ወር ይታዘዛል። የደም ሥርዎን የሚከፍት ሽቦ ገብቶልዎ ከሆነ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቋረጡ ሽቦው በድንገት እንዲደፈን ሊያደርግ ይችላል። እንደ ሜቶፕሮሎልና አቴኖሎል ያሉት የልብ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ ሲተዉ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ብዙ ሰው የሚተወው ግን የደም ቅባት የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲንን ነው፤ ቢውጡትም ባይውጡትም ለውጡ አይሰማማ! ሥራው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ነው፤ በስሜት አይለካም።

«ጸበልና መድኃኒት አይገናኝም» የሚል አስተናጋጅ ቢያጋጥምዎ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዳልሆነ ይወቁ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት ሲጨመርለት፣ ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዟል። በኤች አይ ቪ ጊዜም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ጸበሉን ይጠመቁ፤ ነገር ግን በማለዳ ቅዝቃዜ ብዙ አይቆዩበት። ቀዝቃዛ ውኃ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለማስታወክ ብሎ በሊትር መጠጣትም ልቡ ለደከመ ሰው አደጋ ነው፤ ለበረከት ጥቂት ይበቃል። ለጥምቀት በዓልም ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘሎ መግባቱን ዘንድሮ ለወጣቶቹ ይተዉላቸው፤ የሚረጨው ይደርስዎታል።

ስለ ምክንያቱ። ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ተብሎ ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሠሩ መለሰ (ዮሐ. 9፥3)። ንስሐ ለሁላችንም ያስፈልጋል፣ ለእርስዎም፤ ሕመሙን ግን እንደ ፍርድ ከቆጠሩት «ከተፈረደብኝ ክኒን ምን ያደርግልኛል?» ማለት ይከተላል። «ዓይን ነው» የሚለውም እንዲሁ ከትንባሆ፣ ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከጨው ያዘናጋል። ደግሞ «ጨጓራ ነው» እያሉ ቤት የሚቆዩ አሉ፤ በሕመሙ ሰዓት ከሁሉ የሚጎዳው ይህኛው ነው።

ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ የሚያስበው ነገር ማገገሙን እንደሚነካ ሐኪሞችም ያውቁታል። በኒውዚላንድ የተጠኑ ሕሙማን፣ ሕመሜ ቶሎ ያልፋል፣ ኑሮዬንም ብዙ አያናጋም ብለው ያመኑት ፈጥነው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በእርስዎ ልብ የሆነው ይህ ነው፦ አንዱ የደም ሥር ተዘጋ፣ ከጡንቻው የተወሰነው ክፍል ተጎዳ፣ እርሱም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠባሳ ይሠራል። የቀረው ጡንቻ እየሠራ ነው። ወንበር ላይ መዋል ይህን ጡንቻ ያደክመዋል እንጂ አያሳርፈውም፤ ቤተሰብዎ በፍቅር ነው የሚጎዱዎት።

ሐኪምዎ ከፈቀደ በሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይራመዱ፤ በየጥቂት ቀኑ እየጨመሩ 30 ደቂቃ ያድርሱት። የቁስቋምን ዳገት አይጀምሩበት። እየተራመዱ አቡነ ዘበሰማያትን ሳይቆራረጥብዎ ማድረስ ከቻሉ ልኩ ነው፤ ትንፋሽ ካጠረዎ ይቀንሱ። ደረትዎን ቢያጨንቅዎ ይቁሙ።

ስግደትም እንዲሁ በደረጃ ነው። ዲያቆኑ «አድንኑ አርእስቲክሙ» ሲል ራስን ዝቅ ማድረግ ስግደት ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተብርኮ (ጉልበትን ማንበርከክ)፣ ግንባርን ምድር ማስነካት መጨረሻ ላይ። የደም ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከምድር በፍጥነት ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ቀስ ብለው ግድግዳ ይዘው ይነሡ። የስቅለት ዕለቱን ብዛት ዘንድሮ አይቁጠሩት።

ጾሙን በተመለከተ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲያዝዝ የታመመን ሰው ለይቶ ያያል። የጾም ምግብ ራሱ ለልብ መልካም ነው፤ የሚረጋውን ዘይት ትተው በሽሮው ላይ ጨው ይቀንሱ። አስቸጋሪው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ነው። በቀን አንዴ የሚዋጡትን ወደ ማታ ለማዛወር ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ አስፕሪን ከምግብ በኋላ ይሻላል። በቀን ሁለቴ የሚዋጥ ግን ልዩነቱ 12 ሰዓት ስለሆነ ሰዓቱን በራስዎ አይግፉት። ለቁርባን ሲዘጋጁ የመድኃኒት ዝርዝርዎን ይዘው ለነፍስ አባትዎ ያሳዩ፤ ሰዓቱን አብረው ይወስናሉ።

ኀዘኑ ለሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣዎት ግን እምነት ማነስ ብለው አይደብቁት፤ ከዚህ ሕመም በኋላ የተለመደ ነው፣ ለሐኪሙም ይንገሩ።

ጸበል ላይም ሆነ ቅዳሴ ላይ ደረትዎን ጨምቆ ይዞ ወደ ክንድዎ ወይም ወደ መንጋጋዎ ከወጣ፣ ላብም ካሰመጠዎ ወዲያው ይቀመጡ። ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን ከተሰጠዎ ይውሰዱ፤ በ5 ደቂቃ ካልተሻለዎ «ቅዳሴው እስኪያልቅ» ሳይሉ ሰው ይዞዎት በመኪና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።