እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች

ባለፈው ሳምንት «ስለ እንቅልፍ የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ይህን ያህል ሰው ይጽፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ደሴ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ነው የምሠራው። ሥራውን ስጀምር ግን ራሴ ሁለት ዓመት ያህል እንቅልፍ አጥቼ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የምመልሰው ከተማርኩትም ካየሁትም ነው። የሚመሳሰሉ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ፣ ነጋዴ ነኝ። ማታ 3 ሰዓት እተኛለሁ፣ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ስገላበጥ እቆያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት እነሣለሁ። ቶሎ ብተኛ ይሻለኛል ብዬ ነበር፣ ባሰብኝ እንጂ። አራት ወር ሆነኝ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እንቅልፍ የጎደለበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሆኖም አልጋ ላይ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየሽ የምትተኚው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። የቀረውን ሦስት ሰዓት ተኩል አልጋው የሚያውቅሽ ስትጨነቂ ነው። እየቆየ ሲሄድ ሰውነትሽ አልጋን ከመጨነቅ ጋር ያያይዘዋል። ሶፋ ላይ ስታንጎላጂ ቆይተሽ ልክ ጋደም ስትዪ ዓይንሽ ፍጥጥ የሚለው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ እንቅልፍ ካልወሰደሽ ከአልጋ ውረጂ። ሃያ ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስልሽ ነው፣ ሰዓት ግን አትዪ። እኔ በዚያ ጊዜ ስልኬን እያየሁ «አሁን ብተኛ አራት ሰዓት እተኛለሁ፣ አሁን ብተኛ ሦስት» እያልኩ እቆጥር ነበር። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ልቤ ይመታል። በኋላ ስልኩን ሌላ ክፍል መተው ጀመርኩ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጋቢዬን ደርቤ ወጥ ቤት ዱካ ላይ እቀመጥና በደብዛዛ መብራት ምስር እለቅማለሁ። ምስር መልቀም እጅ ያስይዛል እንጂ አያነቃቃም። ጣቶቼ ድንጋዩን ከምስሩ መለየት ሲያቅታቸው፣ ያን ጊዜ ተመልሼ እተኛለሁ። አንዳንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ እነሣ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፣ አልዋሽሽም።

ሁለተኛ፣ አልጋ ላይ የምትቆዪበትን ሰዓት አሳጥሪ። የምትተኚው አምስት ሰዓት ተኩል ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ግቢና 12 ሰዓት ላይ ተነሺ። ቅዳሜና እሑድም ያው ነው። ቀን ላይ አትተኚ። ድካሙ ይጠራቀምና አልጋ ስትነኪ እንቅልፍ ይወስድሻል። አልጋ ላይ ካለሽበት ጊዜ 85 በመቶውን ያህል መተኛት ስትጀምሪ፣ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ እየጨመርሽ መግቢያሽን ቀደም አድርጊው። አልጋ ላይ የምትቆዪበትን ጊዜ ግን ከአምስት ሰዓት በታች በፍጹም አታውርጂው። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን በጣም ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ መኪና ወይም ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይህን ያለ ባለሙያ እንዳይሞክር።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ከአልጋ የመውረዱን ዘዴ የሥነ ልቦና ባለሙያው ሪቻርድ ቡትዚን እ.ኤ.አ. በ1972 አስተዋወቀው። ሰዓት ማሳጠሩን ሌላው የሥነ ልቦና ባለሙያ አርተር ስፒልማንና ባልደረቦቹ በ1987 አቀረቡት። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር የቆየ እንቅልፍ እጦት ሥር የሰደደ ይባላል። ያንቺም ከዚያ አልፏል። ለዚህ ዓይነቱ ቀድሞ የሚመከረው መድኃኒት ሳይሆን ይህን የመሰለው ሕክምና ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቡና የሚፈላው ሁሌ አመሻሽ 11 ሰዓት ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አቦል ቶና በረካ ነው። በእውነት ቡና እንቅልፍ ይከለክላል? እናቴ ጠጥታ ወዲያው ትተኛለች።

መልስ፦ እናትሽን ሰውነቷ ለምዶት ይሆናል። ሰውም ከሰው ይለያያል። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ ማለት ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል ለምትወስድ ሴት ደግሞ ጊዜው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቀን ሙሉ ስንሠራ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። «ድካም መጣ፣ ተኛ» የሚለን እሱ ነው። ካፌይን መቀመጫውን ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፣ ተሸፍኗል እንጂ።

ቡናውን ተዉት አልልም። ወሎ ውስጥ ቡና ዱዓም ጨዋታም ጉርብትናም ነው። ሰዓቱን ግን ከምሳ በኋላ፣ ወደ 8 ሰዓት ብታመጡትስ? ካልሆነም አንቺ ጦስኝ አፍልተሽ ይዘሽ ቁጭ በይ፣ ሻይ ቅጠል ሳትጨምሪበት። ጨዋታው አይቀርብሽም።

ጥያቄ፦ ጫት እቅማለሁ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ነው። ማታ ምርቃናው አልለቅ ሲለኝ ሁለት ሦስት ቢራ ለጨብሲ እጠጣለሁ። ልተወው ስል ዱካክ ያስጨንቀኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በግልጽ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው ይህን ይደብቅና የእንቅልፍ ኪኒን ብቻ ስጡኝ ይላል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ነገር አምፌታሚን ከሚባለው ጠንካራ አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ጨብሲው ቶሎ ያስተኛሃል፣ ግን አልኮሉ ከደምህ ሲወጣ ከሌሊቱ 8፣ 9 ሰዓት ላይ ልብህ እየመታ ያነቃሃል። ጠዋት ደንዝዘህ ትነሣለህ፣ ለመንቃትም ጫቱ ያምርሃል። እንዲህ እየዞረ ይሄዳል።

ዱካኩ ጂን አይደለም። ጫት ሲቆም ታፍኖ የነበረው ሕልም በብዛት ይመጣል፣ ያስፈራል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንዴ ማቆም ከከበደህ መጀመሪያ የምትቅምበትን ሰዓት ቀደም አድርገው፣ ከዚያ እስሩን ቀንስ፣ ከዚያ ቀናቱን። ጨብሲውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተወው። በየቀኑ ብዙ የምትጠጣና ስታቆም እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ብቻህን አታቁም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ስሜትህ በጣም ከወረደም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት እገባለሁ። ከሌሊት ሺፍት ስወጣ ፀሐዩም ሙቀቱም አያስተኛኝም።

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄ ይሄ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የሰው አንጎል ሰዓቱን የሚያስተካክለው በብርሃን ነው። ጠዋት ስትወጣ የምታገኘው ፀሐይ «ነጋ፣ ንቃ» ይለዋል። ስለዚህ ስትወጣ ጥቁር መነጽርና ኮፍያ አድርግ። መንገድ ላይ ቁርስ፣ ካርድ፣ ሰው እያልክ አትቆይ። መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ዝጋው፣ ብርሃን በቀዳዳም እንዳይገባ። በሩ ላይ «ሌሊት ገብቼ ነው፣ ተኝቻለሁ» ብለህ ለጥፍ። ጎረቤት ይከበራል፣ ሲያውቅ ዝም ይላል። ለሙቀቱ ነጠላ አርጥበህ ጨምቀህ መስኮቱ አጠገብ ስቀል።

ቡና ከጠጣህ በሺፍቱ የመጀመሪያ ግማሽ ይሁን። ከመግባትህ በፊት አመሻሽ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብትተኛ ሌሊቱ ይቀልሃል።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ከፋርማሲ ዳያዚፓም የሚባለውን የሚያስተኛ ኪኒን እየገዛች ሦስት ዓመት ሆናት። አሁን አንዱ አልበቃት ብሎ ሁለት ትወስዳለች። ደብቄ ልጣልባት?

መልስ፦ እንዳታደርጊው! በድንገት ከተቋረጠ መንቀጥቀጥና ሰውነትን የሚጥል ችግር ሊያመጣ ይችላል። ዳያዚፓም ከሰውነት የሚወጣው በቀናት ነው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ቀን የሚያደናግራቸው፣ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ የሚወድቁት። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ የመጡ እናቶች አይቻለሁ። ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ፣ መጠኑ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ቀስ እያለ ይወርዳል። እስከዚያ ከአረቄና ከማንኛውም አስካሪ መጠጥ ጋር እንዳትወስደው፣ ትንፋሽ ያዳክማል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ይልና እንደታነቀ ሰው ሆኖ ይነቃል። ቀን ሲነዳ ያንቀላፋኛል ይላል።

መልስ፦ ይሄ ጊዜ የማይሰጠው ነው። ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ አየር ያጥረዋል፣ አንጎሉ ለመተንፈስ ይቀሰቅሰዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን አያስታውሰውም። ስምንት ሰዓት ተኝቶም እንዳልተኛ ይነሣል። ሲያንኮራፋ በስልክሽ ቅረጪውና ለሐኪሙ አሳዪው። የውስጥ ደዌ ወይም የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ደም ግፊቱም ይለካ። በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስ፣ ማታ አለመጠጣት ይረዳሉ። የእንቅልፍ ኪኒን ግን አይንካ። ባቲ ቁልቁለት ላይ እንቅልፍ ከመጣበት መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ከፍ ማድረግ አያድነውም። ዳር ይዞ ሃያ ደቂቃ ይተኛ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 71 ነው ልጄ። ማታ 2 ሰዓት እተኛለሁ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነቅቼ እቀራለሁ። በሽታ ነው?

መልስ፦ አባባ፣ ከ2 እስከ 8 ስድስት ሰዓት ተኝተዋል እኮ። ቀን ላይም ሸለብ የሚያደርግዎ ከሆነ ብዙም አልጎደለዎትም። መኝታዎን ወደ 4 ሰዓት ይግፉት። አመሻሽ ላይ ውጭ ብርሃን ያግኙ። የደሴ ብርድ እግርዎን ካቀዘቀዘው ከመተኛትዎ በፊት በሞቀ ውሃ ይታጠቡ። እናቶቻችን ያለ ምክንያት አላጠቡንም። እግር ሲሞቅ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፣ እንቅልፍም ቶሎ ይመጣል። የሚያነቃዎ ሽንት ከሆነ ግን ስኳርና ፕሮስቴት ይታዩ።

ጥያቄ፦ ለሱብሒ ተነሥቼ ተመልሼ ስተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መልስ፦ ያንኑ የመነሻ ሰዓትህ አድርገው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት ትልቅ ሀብት ነው። ማታ ቀድመህ ተኛ፣ ከስግደት በኋላ ወደ አልጋ አትመለስ።

ጥያቄ፦ በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። እስካሁን ከባድ መኪና ሲያልፍ እባንናለሁ። ያው ሕልም ይመላለስብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙዎቻችን ያንን ጊዜ ይዘን ነው የምንተኛው። አንጎልሽ አደጋው ያለፈ አልመሰለውም፣ ሌሊት ዘብ ይቆማል። የሚረዳ ነገር አለ። ቀን ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ ያን ሕልም ጻፊውና መጨረሻውን ራስሽ ለውጪው። ልጆችሽ በሰላም የደረሱበት፣ በሩ የተዘጋበት፣ የፈለግሽው ይሁን። አዲሱን በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ በዓይነ ሕሊናሽ ተመልከቺው። ስትጽፊው ከከበደሽ አቁሚና ከባለሙያ ጋር አድርጊው። ሲያባንንሽ ደግሞ እግርሽን መሬት አስነኪ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዕቃ በስሙ ጥሪ፣ ቁም ሣጥን፣ ጀበና፣ የልጄ ጫማ እያልሽ። ጸበልም ዱዓም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ አንዱን ለአንዱ አትተዪ። መኖር ያስጠላሽ ቀን ካለ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ነይ፣ ቀጠሮ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ነገ ፈተና አለኝ። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

መልስ፦ መልእክትህን ያየሁት ነግቶ ነው፣ ይቅርታ። አንድ መጥፎ ሌሊት ያጠናኸውን አያጠፋውም። ዛሬ ከፈተና ስትመለስ ቀን ላይ አትተኛ። ማታ ስልኩን ለወንድምህ ስጠው፣ ደብተሩንም ከአልጋህ አርቀው። እንዴት እንዳደርክ ነገ ጻፍልኝ፣ ጠዋት ላይ።