«አሳጥበህ አሳየኝ»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ፎቶ አንሺ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ሰርግ ላነሳ ዱባይ ልሄድ ነው። ካሜራዬን ሻንጣ ውስጥ ልክተተው ወይስ በእጄ ልያዘው?» ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1998 ክረምት ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። 22 ጥቅል ፊልም አነሳሁ። ጠዋት ጠዋት ቡና ስትቆላ ጭሱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይጠቀለላል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ሰውን ከምድጃ አያርቅም። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ተሰናበትኳት። «ፒያሳ አሳጥበህ አሳየኝና ሂድ» አለችኝ። «አሜሪካ ይሻላል እማዬ» አልኳት። የፒያሳን ፎቶ ቤቶች ንቄ ነበር። ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው!

ለንደን የአጎቴ ልጅ ጋ ሦስት ሌሊት አደርኩ። ወደ ዋሽንግተን የምበረው ነሐሴ 4 ነበር። ለካ በዚያ ሌሊት ፖሊስ አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማፈንዳት የታሰበ ሴራ ደርሶበታል። ኤርፖርት ስደርስ በእጅ የሚፈቀደው ፓስፖርትና የኪስ ቦርሳ ብቻ ነው፣ እሱም በሚያሳይ ፌስታል። ከፊቴ የነበረችውን እናት የልጇን ወተት አስቀመሷት። ካሜራዬንና ፊልሞቼን እናቴ በሰጠችኝ ጋቢ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ።

ካሜራው በደህና ደረሰ። የሻንጣ መፈተሻው ጨረር ግን ኃይለኛ ነው። ፊልሞቹ ሲታጠቡ በላያቸው ግራጫ ሰንበር እየተጣመመ አልፏል። በእናቴ ፊት ላይ። በስልክ «ፎቶውስ?» ስትለኝ «እልካለሁ» እላት ነበር። በዓመቱ አረፈች።

ካሜራሽን በእጅሽ ያዢ። ትርፍ ባትሪ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሊቲየም ባትሪ እሳት ከያዘው ከታች፣ ጭነቱ ክፍል ውስጥ፣ ማንም አይደርስለትም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኚ። ተራ የካሜራ ባትሪ የሚይዘው ኃይል ከ100 ዋት ሰዓት (Wh) በጣም ያንሳል፣ ችግሩ ትልልቁ የቪዲዮ ባትሪ ነው። ከ100 እስከ 160 የሆነውን አየር መንገዱ ሲፈቅድ ሁለት ብቻ ትይዣለሽ። በፊልም የምትሠሩ ልጆች ደግሞ «በእጅ ፈትሹልኝ» በሉ። አሁን የእጅ ሻንጣ የሚያዩት አዳዲስ ማሽኖችም ፊልም ያበላሻሉ።

ከፈታሾች ጋር አትከራከሩ፣ ሥራቸው ነው። እኔ ግን ያን ቀን ተከራክሬ ቢሆን እላለሁ። ወይም በረራው ይቅር ብዬ ፊልሙን ለአጎቴ ልጅ ትቼለት ቢሆን። ሥራ እንዳይቀርብኝ ቸኮልኩ።

የዛሬ ልጆች በቀን 3000 ፎቶ ታነሳላችሁ፣ አንዱንም አታሳትሙም። ካርዱ ኪስ ውስጥ ይከርማል። ይሄ ያናድደኛል። እናቶቻችሁ ስልክ ላይ በጣት እያሳለፉ ማየት አይሆንላቸውም፣ ወረቀቱን ይዘው ለጎረቤት ማሳየት ይፈልጋሉ።

ልጄ፣ ዛሬ ማታ ባትሪዎችሽን ደርድሪና ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን የዋት ሰዓት (Wh) ቁጥር አንስተሽ ላኪልኝ። ከ100 የሚበልጥ ካለ ነገ ጠዋት አየር መንገዱ ቢሮ አብረን እንሄዳለን።