ዋናው ቤት እስኪያልቅ ዶሮዎቹ የት ይደሩ? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት አንድ ጣጣ ያለባቸው ናቸው፤ ዶሮዎቹ ደርሰዋል፣ ቤቱ አላለቀም። ግንባታ ከታሰበለት ቀን ማለፉ የተለመደ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም።

ጥያቄ፦ ስምንት ቄብ ዶሮዎች በዚህ ሳምንት ይመጡልኛል። የዋናው ቤት ግድግዳ ቆሟል እንጂ ጣሪያ የለውም። ለአንድ ወር የሚያቆየኝ ነገር ልሥራ ብል ቢያንስ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አንድ ወር ያሉትን ሁለት ወር ብለው ያስቡት። ከዚያ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት፤ ቀን የሚውሉበትና ሌሊት የሚያድሩበት። የቀኑ ቀላል ነው፤ በሽቦ የታጠረና ጥላ ያለው ቦታ ይበቃል። ጉልበትዎንም ምስማርዎንም ማዋል ያለብዎት ማደሪያው ላይ ነው። ዶሮ ጨለማ ውስጥ በደንብ አታይም፤ አንዴ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ ሸለምጥማጥ ቢገባባት አትሸሽም። ስለዚህ ጊዜያዊ ቤት ቢንጋደድም፣ ቢያስቅም ችግር የለውም፤ በሩ ግን ጥርቅም ብሎ መዘጋት አለበት፣ መቀርቀሪያውም ሲገፉት የማይከፈት ይሁን።

ቀን ቀን የሚወጡ ከሆነ ለ4 ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ማደሪያ ይበቃል፤ ለእርስዎ ስምንቱ 2 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ቀኑንም ተዘግተው የሚውሉ ከሆነ ሰፋ ያድርጉት። የተጨናነቁ ዶሮዎች ላባ መነቃቀል ይጀምራሉ፤ ደም ከታየ ደግሞ ሁሉም በአንዷ ላይ ይረባረባሉ። አሮጌ ቁም ሣጥን፣ ፓሌት፣ ከግንባታው የተረፈ ቆርቆሮ ሁሉም ይሆናል። ከተቻለ ወለሉን ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሱት፤ ጎርፍ አይገባም፣ ከሥሩም አይጥ ተደብቆ አይራባም። ቆጡ ላይ ለእያንዳንዷ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይድረሳት፤ ለስምንት ዶሮ አንድ የ2 ሜትር እንጨት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳውን የተለመደ የዶሮ ሽቦ ገዝቻለሁ። ጎረቤቴ ግን «ይሄ ምንም አይይዝም» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ግማሹን። ያ ሽቦ ዶሮ እንዳይወጣ ይይዛል፤ አውሬ እንዳይገባ ግን አይከለክልም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል፣ አይጥ በቀዳዳው ያልፋል። ለቀኑ አጥር ይጠቀሙበት። ለማደሪያው አየር ማስገቢያ ደግሞ ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የተበየደ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይፈልጉ። የሚሸፈነው ትንሽ ቦታ ስለሆነ ብዙ አይገዙም። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጣውላ ደርበው በብሎን ያጥብቁት፤ በምስማር ብቻ የተያዘ ሽቦ ከአንድ ጥግ ከተነሳ ሙሉው ይነሳል። ቆፍሮ ለሚገባ ደግሞ ሽቦ መቅበር ግድ አይደለም። ከግድግዳው ሥር ጀምረው ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ አንጥፈው ድንጋይ ይጫኑበት። አውሬ መቆፈር የሚጀምረው ግድግዳው ሥር ነው፤ ሽቦው ሲያግደው ወደ ኋላ ርቆ መጀመር አይመጣለትም።

ጥያቄ፦ እንዳይበርዳቸው ብዬ ቤቱን ዙሪያውን በላስቲክ ሸፈንኩት። ጠዋት ስከፍት ላስቲኩ ውስጡን ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሽታውም ዓይን ያቃጥላል።

መልስ፦ ያ ውሃ የዶሮዎቹ ትንፋሽና የኩሳቸው እርጥበት ነው፤ የሚያቃጥለው ደግሞ አሞኒያ። እርስዎን ለአንድ ደቂቃ ካቃጠለዎት ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱትን ያስቡ፤ የመተንፈሻ አካላቸውን ይጎዳል። ላባዋ የሞላ ዶሮ ከደረቀች ብርድ ትችላለች፤ የምትጎዳው እርጥበትና ብርድ ሲገናኙባት ነው። ከጣሪያው ሥር፣ በሁለቱ ተቃራኒ ጎኖች፣ ቆጥ ላይ ከተቀመጡት ዶሮዎች ራስ በላይ ስንዝር ያህል ይክፈቱና በወንፊት ሽቦው ይሸፍኑት። ነፋሱ በላያቸው ያልፋል እንጂ አይመታቸውም። እርጥቡን ጉዝጓዝ አውጥተው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ደረቅ ገለባ ወይም ሻከር ያለ ሰጋቱራ ያንጥፉ። በየጊዜው አንድ እፍኝ ጨብጠው ይልቀቁት፤ ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደተጨበጠ ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ይለውጡት።

ጥያቄ፦ የ3 ሳምንት ጫጩቶቼን ካርቶኑ ጠቧቸዋል። ውጭ ያለው ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ላስገባቸው?

መልስ፦ ማሞቂያ ከሌለው ገና ነው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ አካባቢ ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ይሄዳሉ። ላባቸው የሚሞላው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን በስተው ያገናኙላቸው። ሙቀቱን ከራሳቸው ያውቁታል፤ አምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ አፋቸውን ከፍተው ጥግ ጥጉን ከያዙ ሞቋቸዋል። አምፖሉንም በአንድ ገመድ ብቻ አያንጠልጥሉት፤ ገለባ ላይ ከወደቀ እሳት ነው።

ጥያቄ፦ ዋናው ቤት ጣሪያ አለው፤ ወለሉና ቀለሙ ነው የቀረው። ሠራተኞቹ ቀን እየሠሩ ዶሮዎቹ ማታ እዚያው ቢያድሩስ?

መልስ፦ ጣሪያ ያለው ቤት እያለ ሌላ መሥራት እንደሚያናድድ አውቃለሁ፤ ግን አይሆንም። ዶሮ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየች ሳትለቅም አታልፍም። የተቆረጠ ሽቦ ወይም ትንሽ ምስማር ሆድ ዕቃዋን ይወጋል፣ ዚንክ የተቀባው ደግሞ ይመርዛታል። የግንባታ ነጭ ፎም ካገኘችማ እንደ እህል ትቆረጥመዋለች። ያልደረቀ ሲሚንቶ እግራቸውን ያቃጥላል፣ የትኩስ ቀለም ሽታም ለሳንባቸው ከባድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ ሥራው አልቆ፣ ቀለሙ ሽታው ጠፍቶ፣ ወለሉ በማግኔት ተለቅሞ ይግቡ።

ጥያቄ፦ ለጊዜያዊ ቤት የእንቁላል መጣያ ያስፈልጋል?

መልስ፦ መጣል ከጀመሩ አዎ፣ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ። የተጋደመ ሰፊ ባልዲ ገለባ ከተደረገበት ይበቃል። ከቆጡ ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ ያድሩበትና እንቁላሉ በኩስ ይለወሳል።

ጥያቄ፦ ወደ አዲሱ ቤት ሳዛውራቸው ወደ አሮጌው እየተመለሱ ያስቸግሩኝ ይሆን?

መልስ፦ ያስቸግራሉ፣ ቀን ካዛወሯቸው። ከጨለመ በኋላ ከቆጥ አንስተው አዲሱ ቆጥ ላይ ያስቀምጧቸው፤ ከዚያ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ምግብና ውሃ እየሰጡ ሳይከፍቱ ያቆዩአቸው። እንቁላል ለጥቂት ቀን ቢቀንስ አይደንግጡ። ከመዛወራቸው በፊት ግን ሌሊት በባትሪ የአሮጌውን ቆጥ ስንጥቅና ጫፍ ይዩ፤ በነጭ ጨርቅም ያሹት። ጨርቁ ላይ ቀይ የደም ነጠብጣብ ከቀረ ቀይ ቅንቅን አለ። ይህ ተባይ ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት የዶሮዎቹን ደም ይመጥጣል፤ ሳይበላም ወራት ይቆያል። ዶሮዎቹን ያሳክሙ፣ ቆጡን ደግሞ ይዘውት አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዋናው ቤት አለቀ። ባለቤቴ ጊዜያዊውን «አፍርሰው፣ ግቢውን አበላሸው» ትላለች።

መልስ፦ ወደ ጓሮ ያዛውሩት እንጂ አያፍርሱት። አዲስ የሚገዙትን ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀልዎ በፊት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለይተው ማቆያ ያስፈልግዎታል፤ የታመመችም የታቀፈችም የምትገባው እዚያ ነው። ከዋናው ቤት ራቅ ይበል፣ የራሱ መጠጫና መመገቢያ ይኑረው፤ እርስዎም ሁልጊዜ ጤነኞቹን አስቀድመው መግበው ወደዚያኛው ይሂዱ። ለባለቤትዎ ሲሉ ደግሞ ከዋናው በተረፈው ቀለም ይቀቡት።